ለመጫወት የማን ፈቃድ ያስፈልግ ነበር? ከፋብሪካ ዘመን በፊት የነበረው የእንግሊዝ ስፖርት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዛሬ የማያውቅ የለም። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሞልቶ በር ላይ ቆሞ የሚያይ አለ። በ1314 ግን ለንደን ውስጥ ኳስ መጫወት ያሳስር ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የከተማዋ ከንቲባ ኒኮላስ ዴ ፋርንዶን በንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛ ስም አዋጅ አስነገረ። ኳስ ተከትሎ የሚሯሯጠው ሕዝብ ከተማውን ያውካል፣ ብዙ ክፋትም ያመጣል፣ ስለዚህ ሲጫወት የተገኘ ይታሰራል አለ።

ስለ ድሮ ስፖርት ብዙዎቻችን አንድ ቀላል ሥዕል አለን። ሀብታሙ ጨዋ ጨዋታ ይጫወታል፣ ድሃው ደግሞ ሻካራውን። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ጭካኔውን ሁለቱም ወገን ይወደው ነበር። በ1575 ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ኬኒልወርዝ ግንብ በእንግድነት ስትሄድ፣ ለመዝናኛዋ 13 ድቦችን አስረው በውሾች አስነክሰውላታል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ለመጫወት ሜዳ ያስፈልጋል፣ ትርፍ ጊዜ ያስፈልጋል፣ የሚከለክል ባለሥልጣን አለመኖሩም ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ በማን እጅ ነበሩ? መደብ ስፖርትን የቀረጸው በዚህ በኩል ነው። ይህን ይዘን እንግሊዝን ከ12ኛው መቶ ዘመን እስከ ፋብሪካዎቹ መምጫ ድረስ እንያት።

ከላይኛው መደብ እንጀምር። የመኳንንቱ ትልቁ ጨዋታ ቱርናመንት የሚሉት የፈረሰኞች ፍልሚያ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የታጠረ ሜዳ እንኳ የለውም። ጥሩር የለበሱ ሁለት የፈረሰኛ ጭፍሮች በእርሻውና በመንደሩ መካከል ይጋጠማሉ። የተማረከ ሰው ፈረሱንና ጥሩሩን ያጣል፣ ራሱንም በገንዘብ ያስለቅቃል። በ1194 ንጉሥ ሪቻርድ 1ኛ ይህን ጨዋታ ሕጋዊ አደረገው። አምስት ቦታዎች ብቻ ተፈቀዱ። ክፍያው ደግሞ እንደ ማዕረጉ ተተመነ። ከፍተኛው መስፍን 20 ማርክ፣ ባሮን 10 ማርክ፣ መሬት ያለው ፈረሰኛ 4 ማርክ፣ መሬት የሌለው ፈረሰኛ 2 ማርክ ይከፍላል። ገበሬው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እሱ የሚታወሰው ሰብሉ በፈረስ ሲረገጥ ነው።

በዚህ ጨዋታ ሀብት ያገኘ ሰውም ነበር። ዊልያም ማርሻል የባላባት ልጅ ነው፤ ታናሽ በመሆኑ ግን ርስት አልደረሰውም። ከአንድ ባልደረባው ጋር በ10 ወር ውስጥ 103 ፈረሰኞችን እንደማረከ ይነገርለታል። በስተርጅናው የሕፃኑ የንጉሥ ሄንሪ 3ኛ እንደራሴ ሆኖ እንግሊዝን አስተዳድሯል። ይህን ታሪክ ስፖርት መደብን እንደሚሰብር ማስረጃ አድርገው የሚያነሱት አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ማርሻል ርስት አጣ እንጂ ፈረስ መጋለብና ጦር መያዝ ከልጅነቱ ተምሯል፤ ይህም የመደቡ ስጦታ ነው።

ወደ ታች ስንወርድ ሕጉ ፊቱን ያዞራል። ለላይኛው መደብ ሕግ ማለት ክፍያና ፈቃድ ነበር። ለታችኛው ግን ክልከላ ነው። ምክንያቱ በከፊል ጦርነት ነበር። በ1346 ክሬሲ ላይ የእንግሊዝ ቀስተኞች የፈረንሳይን ፈረሰኞች ፈጇቸው። ቀስተኞቹ ተራ ሰዎች ናቸው። ረጅሙን ቀስት ለመሳብ ደግሞ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ስለዚህ በ1363 ኤድዋርድ 3ኛ ሕዝቡ በበዓላት ቀን ቀስት እንዲለማመድ፣ ኳስንና መሰል ጨዋታዎችን እንዲተው አዘዘ። በ1388 የወጣው ሕግ ይበልጥ ግልጽ ነው። አገልጋዮችና የቀን ሠራተኞች ቀስት ይኑራቸው፣ እሁድና በበዓል ይወርውሩ፣ የእጅም ሆነ የእግር ኳስ ይተዉ ይላል። ጌቶቻቸው ምን ይጫወቱ እንደሆነ ግን አያነሳም።

በ1541 በሄንሪ 8ኛ ዘመን የወጣው ሕግ የዚህ ሁሉ ቁንጮ ነው። የእጅ ባለሙያ፣ ገበሬ፣ ሙያ ተለማማጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባ ቀዛፊ፣ አሽከር፣ ሁሉም በስማቸው ተዘርዝረዋል። ቴኒስ፣ ዳይስ፣ ካርታ፣ በሣር ላይ ኳስ ማንከባለል ተከልክለዋል። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጊዜ 20 ሺሊንግ ነው። ያኔ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነበር። የቀን ሠራተኛ በቀን የሚያገኘው ደግሞ 4 ፔንስ ገደማ። አስሉት፤ አንድ ቀን ኳስ አንከባለልክ ተብሎ የ60 ቀን ደሞዝ ይሄዳል። ከመሬቱ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው ግን በገዛ ግቢው ውስጥ ለማጫወት ፈቃድ ማውጣት ይችላል።

ሕጉን ያወጣው ንጉሥ ራሱ የጨዋታ ሱሰኛ ነበር። በለንደኑ ኋይትሆል ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቴኒስ ሜዳዎች፣ ኳስ ማንከባለያ፣ የፈረሰኛ መጋጠሚያ ሜዳና የአውራ ዶሮ ማፋለሚያ ነበረው። ይግረማችሁና በ1526 የቤተ መንግሥቱ የልብስ መዝገብ ላይ በ4 ሺሊንግ የተሠራ የእግር ኳስ ጫማ ሰፍሯል። የቆዳ ጫማ ነው፣ ለንጉሡ የተሠራ። ያ ማለት የአንድ የቀን ሠራተኛ የ12 ቀን ድካም ነው።

በዚያው በ1541 ሕግ ውስጥ ግን አንዲት ቀዳዳ አለች። የተዘረዘሩት ሰዎች በገና ሰሞን መጫወት ይችላሉ፤ በጌታቸው ቤት ወይም ጌታቸው ባሉበት። እዚህ ላይ ስደርስ የኛው አባባል ትዝ ይለኛል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንል የለ? በገና ሜዳ ላይ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ቂም አይያዝበትም። ሁለቱ አገሮች እርስ በርስ ሳይኮራረጁ አንድ ቦታ ደርሰዋል። ጌታና ሎሌ ያለበት ኅብረተሰብ በዓመት አንዴ ገመዱን ላላ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ግን ገመዱን ሊፈታው አስቦ አይደለም።

የጊዜው ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። ከፋብሪካ በፊት «ዊኬንድ» የሚባል ነገር የለም። ሥራ የሚበዛውና የሚቀንሰው በእርሻው ወቅት ነው፤ እረፍት የሚሰጠው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን በዓል። ስለዚህ የሕዝቡ ስፖርት የተንጠለጠለው በበዓላት ላይ ነበር። ከሁሉም የሚደምቀው የነሱ ቅበላ ነው፤ ከፋሲካ ጾም በፊት ያለው የመጨረሻው ማክሰኞ። ዊልያም ፊትዝስቲፈን የተባለ የለንደን ቄስ በ1170ዎቹ ይህን ቀን ጽፎልናል። ጠዋት ተማሪዎች አውራ ዶሮዎቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት አምጥተው ያፋልማሉ። ከምሳ በኋላ ወጣቱ ሁሉ ኳስ ሊጫወት ወደ ሜዳ ይወጣል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ እያንዳንዱ የሙያ ማኅበር ማለት ይቻላል የራሱ ኳስ አለው። አዛውንቱና ሀብታሞቹስ? በፈረስ ሆነው ሊያዩ ይመጣሉ። በፈረስ ሆኖ ማየት እንግዲህ የክብር ትሪቡን መሆኑ ነው።

ጨዋታው ምን ይመስል እንደነበር መገመት የሚፈልግ አሽበርን የምትባለውን ትንሽ ከተማ ይመልከት። ዳርቢሻየር ውስጥ ናት፤ ጨዋታው እስከ ዛሬ አልቀረም። ከተማዋን ሄንሞር የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከወንዙ ወዲህ የተወለደ ከአንዱ ወገን፣ ወዲያ የተወለደ ከሌላው ወገን ነው። የተጫዋች ቁጥር ገደብ የለውም። ሁለቱ ጎሎች በ3 ማይል፣ ማለትም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሕዝቡ ኳሱን ከቦ እየተገፋፋ በመንገዱም በወንዙም ውስጥ ያልፋል። ሱቆች መስኮታቸውን በጣውላ ይመታሉ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መግባት ክልክል ነው፤ ኳስ በልብስ ውስጥ መደበቅም ክልክል ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ በመኪና ይዞ መሄድ ተከልክሏል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አለቃ የለም። የጫማ ሰፊው ተለማማጅ የከተማውን ፍርድ ቤት ዳኛ ልጅ ጭቃ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ባለሥልጣናቱ የፈሩትም ይህንን ይመስለኛል። የተሰበረ መስኮት ሰበብ ነው። አንድ ሺህ ወጣት ማንም ሳያዝዘው አብሮ ሲንቀሳቀስ ማየት ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

እሁድ ቀንም ሌላ ትግል ነበረበት። ፒዩሪታን የሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች እሁድ ጨዋታ ፈጽሞ እንዲቀር ፈለጉ። ንጉሥ ጄምስ 1ኛ በ1618 መልስ ሰጠ። ተራው ሕዝብ ካስቀደሰ በኋላ መጨፈር፣ መዝለል፣ ቀስት መወርወር ይችላል አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሠራተኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ውሎ መቼ ሊጫወት ነው ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌላው ምክንያቱ ግን ያው የጥንቱ ነው፦ ካልተጫወቱ ሰውነታቸው ለጦርነት አይበቃም። ኳስ ማንከባለል ለታናናሾቹ ሰዎች እንደተከለከለ ቀጠለ። ልጁ ቻርልስ 1ኛ ይህንኑ በ1633 ደገመው። በ1643 ደግሞ ፓርላማው ይህ የነገሥታቱ አዋጅ በአደባባይ እንዲቃጠል አዘዘ። ሕዝቡ በሁለት ጌቶች ክርክር መሐል ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

መሬቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይመራል። በ1671 የወጣው የአደን ሕግ ጥንቸል መሰሉን ሄር የሚሉትን እንስሳና ቆቅን የመሳሰሉትን ማደን የሚችለው ማን እንደሆነ ወሰነ። የራሱ የሆነ፣ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ያለው ሰው፣ ወይም በረጅም ኪራይ የያዘው መሬት 150 ፓውንድ የሚያስገባለት ሰው። ለፓርላማ አባል ድምፅ ለመስጠት ግን በዓመት 40 ሺሊንግ፣ ማለትም 2 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ይበቃል። እንግዲህ አንዲት ቆቅ ለመግደል የሚያስፈልገው መሬት ሕግ አውጪ ለመምረጥ ከሚያስፈልገው 50 እጥፍ ነው። ሰውየው ገበሬ ቢሆንና ወፏ የገዛ እርሻው ላይ ሰብሉን ብትበላበት እንኳ መንካት አይችልም። የባላባቱ ጠባቂ ቤቱ ገብቶ መረቡን፣ ጠመንጃውንና ውሻውን ሊወስድ ይችላል። በ1723 ደግሞ እንዳይታወቅ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ መሣሪያ ይዞ አደን መሬት ውስጥ የተገኘ በሞት እንዲቀጣ ተደነገገ። ለአንዱ ስፖርት የሆነው ለሌላው የነፍስ ጉዳይ ሆነ። የ1671ዱ ገደብ እስከ 1831 ጸንቷል።

ተራው ሕዝብ የሚጫወትበት ቦታ በአብዛኛው የወል መሬት ነበር። ከብት የሚሰማራበት፣ እንጨት የሚለቀምበት፣ በበዓል ቀን ኳስ የሚመታበት። በ18ኛው መቶ ዘመን ባለመሬቶቹ ከፓርላማ ሕግ እያወጡ ይህን የወል መሬት ማጠር ጀመሩ። ከዚህ ዘመን ታሪኮች ውስጥ እኔ የምወደው አንድ አለ።

ዌስት ሃደን የኖርዝሃምፕተንሻየር መንደር ናት። በ1765 ወደ 2,000 ኤከር፣ ማለትም ከ800 ሄክታር በላይ የሚሆነው ሜዳዋ ሊታጠር ነበር። አቤቱታው ሰሚ አላገኘም። በሐምሌ መጨረሻ የአካባቢው ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ሐሙስ ነሐሴ 1 እና ዓርብ ነሐሴ 2 በሃደን ሜዳ የእግር ኳስ ጨዋታ ይደረጋል፣ ደህና ሽልማትም አለ ይላል። ተጫዋቾችንና «ለተያዘው ጉዳይ» በጎ የሚመኙትን ሁሉ ይጋብዛል። የተያዘው ጉዳይ ምን እንደሆነ የአካባቢው ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ሕዝቡ መጣ። ኳሱ ተጀመረ። ወዲያው ጨዋታው ወደ አጥሩ ዞረ። የአጥር እንጨቱ ተነቅሎ ተከምሮ ተቃጠለ። ጉዳቱ 1,500 ፓውንድ ተገመተ። ወታደር ቢላክም አጥሩ ከመቃጠሉ አልዳነም።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1638 ኢሊ አካባቢ ረግረጉን ለማድረቅ የተቆፈሩትን ቦዮች ለማፍረስ ሰው የተሰበሰበው በኳስ ሰበብ ነበር። በ1740 ኬተሪንግ ላይ በአንድ ወገን 500 ሰው የሚሰለፍበት ጨዋታ ተብሎ፣ ዓላማው የእህል ወፍጮ ማፍረስ ነበር። ያኔ ድሃው ስብሰባ የሚጠራበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ኳስ ግን ነበረው።

አሁን ወደ ክሪኬት እንሂድ። ክሪኬት ለየት ይላል፤ ጌታና አሽከር በአንድ ቡድን ይሰለፉበታል። በዚህ ምክንያት አንድ የታወቀ እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ፣ የፈረንሳይ መኳንንት ከገበሬዎቻቸው ጋር ክሪኬት ቢጫወቱ ኖሮ ግንቦቻቸው በአብዮቱ ባልተቃጠሉ ነበር የሚል ሐሳብ ሰንዝሯል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። የዘመኑን ወረቀቶች ያነበበ ሰው ግን አብሮ መጫወት እኩል መሆን እንዳልነበር ያያል።

በ1727 የሪችመንዱ መስፍንና ሚስተር ብሮድሪክ የሚባል ሰው በየቡድናቸው 12 ሰው አሰልፈው ለመጋጠም ውል ጻፉ። ከውሉ አንቀጾች አንዱ እንዲህ ነው፦ ከተጫዋቾቹ መካከል በማንኛውም የጨዋታው ጉዳይ ላይ የተናገረ ወይም አስተያየት የሰጠ ከጨዋታው ይባረራል፤ ይህ ግን መስፍኑንና ሚስተር ብሮድሪክን አይመለከትም። በቃ፣ መደብ ማለት ይኸው ነው። ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም ይመታል፣ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከጀርባው ያለው ነገር ውርርድ ነበር። ዛሬ ሰፈራችንን የሞላው ቤቲንግ የዚያ ዘመን መኳንንት ዋና ሱስ ነው። ብዙ ገንዘብ ስለሚያስይዙ ጥሩ ተጫዋች ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጎበዝ ወጣት ሲያገኙ በአትክልተኝነት ወይም በፈረስ ባልደራስነት ይቀጥሩታል። የሪችመንዱ መስፍን ባልደራስ ቶማስ ዌይማርክ የዘመኑ ኮከብ ነበር። ጆን ሚንሹል የዶርሴቱ መስፍን አትክልተኛ ነው፤ በ1769 ብቻውን 107 ነጥብ አስመዝግቧል፣ በመዝገብ ከታወቁት ከመቶ በላይ ነጥቦች የመጀመሪያው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከእርሻ ሥራ የተሻለ ኑሮ ኖሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ጌታው ሲሰለቸው ወይም ሲከስር ግን እንጀራውም አብሮ ያልቃል።

በ1775 ለንደን ውስጥ የተደረገ አንድ ግጥሚያ ይህን ዓለም በቅርብ ያሳየናል። ኳስ ወርዋሪው «ላምፒ» እየተባለ የሚጠራው ኤድዋርድ ስቲቨንስ ነው፣ የታንከርቪሉ መስፍን አትክልተኛ። የሚመታው ጆን ስሞል ነው፣ ጫማ ሰሪ። ያኔ ከመቺው ጀርባ የሚተከሉት እንጨቶች ሁለት ነበሩ። ኳሱ እንጨቱን ከነካ መቺው ይወጣል። ላምፒ ሦስት ጊዜ አሳምሮ ወረወረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ኳሱ በሁለቱ እንጨቶች መሐል ሳይነካ አለፈ። ስሞል ተረፈ፣ ቡድኑም አሸነፈ። ይህ ግፍ ነው ተባለና ሦስተኛ እንጨት መሐል ላይ ተጨመረ። ዛሬም በዓለም ሁሉ ሦስት ነው። አንድ አትክልተኛና አንድ ጫማ ሰሪ ያሳዩትን ጥበብ አይተው ሕጉን የጻፉት ግን ጌቶቹ ናቸው።

ቡጢውም እንዲሁ ነው። ጃክ ብሮተን የቴምዝ ወንዝ ጀልባ ቀዛፊ ነበር፤ በ1743 የቡጢን የመጀመሪያ ደንብ ጻፈ። ደጋፊው የንጉሡ ልጅ የከምበርላንዱ መስፍን ነበር። በ1750 ጃክ ስላክ የሚባል ሥጋ ሻጭ ዓይኑን መትቶ እንዳያይ አድርጎ አሸነፈው። መስፍኑ ብዙ ገንዘብ ተበላ፣ ተቆጣም። የብሮተን የቡጢ አዳራሽ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

ሴቶችም ነበሩበት። በየበዓሉ ገበያ የሸሚዝ ሩጫ የሚባል ነበር፤ ያሸነፈችው ልጅ ከውስጥ የሚለበስ ቀሚስ ትሸለማለች። በ1745 ጊልፎርድ አጠገብ የሁለት መንደር ልጃገረዶች፣ ሁሉም ነጭ ለብሰው፣ አንደኛው ወገን ሰማያዊ ሌላው ቀይ ሪባን አስረው ክሪኬት ተጋጥመዋል። እነዚህ የገጠር ልጆች ናቸው። የትልቅ ቤት ልጅ ለሽልማት ብላ በሕዝብ ፊት መሮጥ አይታሰብላትም፤ የመደቧ ክብር ራሱ ያስራታል።

ፈረስ እሽቅድምድምንም ሕግ አልተወውም። በ1740 ሽልማቱ ከ50 ፓውንድ በታች የሆነ ውድድር፣ ከተወሰኑ ቦታዎች በቀር፣ ተከለከለ። የመንደሩ ትንንሽ ውድድር እንዲጠፋ ነበር የታሰበው።

ፋብሪካዎቹ ሲመጡ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። በ1800 ኮርማን አስሮ በውሻ ማስነከስ ይከልከል የሚል ረቂቅ ፓርላማ ቀረበ። 43 ለ41 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ረቂቁን አጥብቆ የተቃወመው ዊልያም ዊንደም የሚባል አባል ነበር። ቀበሮ የምታሳድዱ እናንተ የድሃውን ጨዋታ በጭካኔ ስም ለመከልከል ምን አፍ አላችሁ ነው የክርክሩ ጭብጥ። ስለ እንስሳቱ ዊንደም ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ፤ ታስሮ በውሻ የሚቦጨቅ ኮርማ ስቃይ ማንም የሚከራከርበት አይደለም። ስለ ፓርላማው ግን ያለው ሐቅ ነው።

በ1835 ኮርማና ድብ ማስነከስ፣ አውራ ዶሮ ማፋለምም በሕግ ታገዱ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ አውራ ጎዳና ላይ ኳስ የተጫወተ እስከ 40 ሺሊንግ እንዲቀጣ ደነገገ። በ1846 ዳርቢ ከተማ ላይ የቅበላውን ኳስ ለማስቆም ወታደር ወጣ። በውሻ የሚደረገውን የቀበሮ አደን ግን እንግሊዝ የከለከለችው በ2004 ነው።